ምንም የጠፋ ካርድ የለም

አቻምየለሽን የማያውቅ ሰው መጀመሪያ የሚያውቀው ቁጣዋን ነው። ቆሎ ገዝቶ «ትንሽ ጨምሪበት እንጂ» ያላትን ሰው መለኪያዋን አስቀምጣ ከእግሩ እስከ ራሱ ታየዋለች። «ጨምሪ የሚባለው እናት ነው» ትለዋለች። ዝም ብሎ ለሚገዛ ሰው ግን ሳይጠይቃት እፍኝ ትጨምርለታለች። እኔ መልካሙ ልብስ ሰፊው ከጎኗ፣ በአንድ በረንዳ ላይ፣ የስፌት መኪናዬን ተክዬ ስለኖርሁ ይህን ጠባይዋን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ብዙ ጊዜም በእኔው ላይ ወርዶብኛል። ዛሬ ግን ስሟን በክፉ የሚያነሳ ሰው ስሰማ መቀሱን ወርውሬ ብነሳ ደስ ይለኛል። ስለዚህ ያየሁትን ልናገርና ሰው ይፍረድ።

በረንዳው የኑዕማን ሱቅ በረንዳ ነው። ሾላ ሜዳ ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለች ትንሽ ከተማ ናት። አውቶቡስ ቆም ሲል ሰው ወርዶ እግሩን ያፍታታል፣ ቆሎ ይገዛል፣ ይሄዳል። አቻምየለሽ የምትኖረው በዚሁ ቆም በሚለው ሰው ነው። ትውልዷ ቋሪት ነው፤ ከገበዝ ማርያም ወዲያ፣ ከገብስና ከድንች በቀር ብዙ ነገር በማይበቅልበት ደጋ። ባሏ ባድመ ዘምቶ በዚያው ቀረ። መርዶው ከመጣ በኋላ የባሏ ወንድሞች አላስቀምጥ ሲሏት መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ወረደች። ልጅ የላትም። ፊደልም አልቆጠረችም፤ በደርግ ጊዜ የመሠረተ ትምህርት ዘማቾች ሲመጡ እናቷ ከጎታ ኋላ ደብቃታለች። «ደብቃ አደነቆረችኝ» ትላለች፣ እየሳቀች።

በከተማው አንድ የልብ ወዳጅ ነበረቻት፤ ሰብሊ ሹሩባ ሠሪዋ። ሰብሊ የቡሬ ገጠር ልጅ ናት። በአንድ ግቢ ጎን ለጎን ክፍል ተከራይተው ነበር የሚኖሩት። በዕድሜ ከአቻምየለሽ ታንሳለች፤ በጠባይ ደግሞ ፍጹም ሌላ ናት፤ ሳቂታ፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እጇ ፈጣን። የጥምቀት ሰሞን ልጃገረዶች በሯ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ሁለቱ በምን እንደተዋደዱ አይገባኝም፤ ብቻ አንዷ ያለ አንዷ እህል አትቀምስም ነበር።

ሰብሊ አንድ ክረምት መክሳት ጀመረች። ሳሉ አልለቃት አለ፣ ምግቡ አልወርድ አለ። ወደ ፍኖተ ሰላም ሐኪም ቤት ጎትታ የወሰደቻት አቻምየለሽ ናት፤ ቫይረሱ በደሟ መኖሩን ሲነግሯትም አጠገቧ የቆመችው እሷ ናት። ከሁለቱ በቀር ይህን የሰማ አልነበረም። የሰብሊ ታላቅ ወንድም ይሄይስ እንኳ አያውቅም። መድኃኒቱን ጀመረች። በየጊዜው «ሰው ሠራሽ ጸጉር ልገዛ ነው» እያለች ፍኖተ ሰላም ትመላለሳለች፣ ክኒኑን በጸጉሩ ከረጢት ውስጥ ይዛ ትመለሳለች። እኔም እንደ ማንም ሰው ጸጉር ነው ብዬ አምኜ ነበር።

ቆይቶ መድኃኒቱ በእኛው ጤና ጣቢያ መሰጠት ጀመረ። ሰብሊ መንገዱ ሰልችቷት ነበር፤ ግን ፈራች። «እዚህ ሁሉም ያውቀኛል፤ በመስኮቱ ስሜ ሲጠራ ምን ልሁን?» አለች። መላውን የመታችው አቻምየለሽ ናት። ካርዱን ከካርድ ክፍሉ መስኮት የምታወጣው እሷ ትሆናለች። ቆሎ ሻጭን ማን ይጠረጥራል? ለመዝጋቢዋ በሹክሹክታ ነግራ ካርዱን ትቀበላለች፣ በነጠላዋ ሥር ታደርግና በጓሮ በር ለሰብሊ ታቀብላለች። እንዲህ እያሉ ዓመት አለፈ። ሰብሊ ሥጋዋ ተመለሰ፣ ሳቋ ተመለሰ። ያቺ ቁጡ ሴት በሕይወቷ የሠራችው ትልቁ ሥራ ይህ ነበር ብል አልዋሸሁም።

ከዚያ ያ ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጣ። በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ከዚህ ወዲያ፣ ከዚያ ወዲህ የሚገፋበት ዘመን ነበር። ጤና ጣቢያውም አዲስ ኃላፊ ተሾመለት፤ አቶ ላቀው ይባላል፤ ወጣት ነው፣ ሸሚዙን እኔ ነኝ ያሳጠርሁለት። አዲስ ማኅደር መጣ፣ የበሽተኛው ሁሉ ስም ወደ አዲሱ ተገለበጠ፣ አሮጌው ካርድ በማዳበሪያ ከረጢት ታጨቀና «ክፍሉ ይጽዳ» ተባለ። ይቃጠል ያለ ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም። ክፍሉ ይጽዳ የተባለው ዘበኛ ግን ከረጢቶቹን በጋሪ ጭኖ ለኑዕማን በኪሎ ሸጣቸው።

በአገራችን ወረቀት ሁሉ መጨረሻው ጥቅል ነው። የተማሪ ደብተር፣ የመሥሪያ ቤት ወረቀት፣ ያለፈ ዓመት ፈተና፣ ሁሉም ዞሮ ዞሮ ስኳርና በርበሬ ይጠቀለልበታል። ኑዕማን ሳያነበው ገዛ፤ አቻምየለሽ ማንበብ ሳትችል ከኑዕማን ገዛች፤ እየቀደደች እንደ ቀንድ ጠቅልላ ቆሎ ሞላችበት። ሰዉ ደግሞ ሌላ ልማድ አለው፤ ቆሎውን ጨርሶ ወረቀቱን ሳያነብ አይጥልም። አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው ጠላ ቤት ተቀምጦ ቆሎውን ከጨረሰ በኋላ ጥቅሉን ፈታው። ስም ከነአባት፣ ቀበሌ፣ ከላዩ በማኅተም «የፀረ ኤች አይ ቪ ሕክምና ክትትል» የሚል። «ይቺ ሹሩባ ሠሪዋ ሰብሊ አይደለችም እንዴ?» ብሎ ለጎረቤቱ አሳየ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ወሬው ሰብሊ ቤት ሲደርስ እሷ የአንዲት ልጃገረድን ጸጉር እየሠራች ነበር፤ የልጅቷ እናት መጥታ ግማሽ ራሷ በሹሩባ ግማሹ በጎፈሬ እንደሆነ ልጅቷን ይዛት ሄደች።

አቻምየለሽ የሰማችው ከእኔ ነው። ዓይኗ ፈጠጠ። ከቅርጫቷ ሥር የቀሩትን ወረቀቶች አወጣችና ጭኔ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«አያ መልካሙ፣ እስቲ ያንብቡልኝ» አለችኝ።

አነበብሁ። የመጀመሪያው የማላውቀው ሰው ነበር። ቀጥሎ ያለው የጎረቤቴ ሚስት ናት። ቀጥሎ አንድ የደብሩ አገልጋይ። ስም ማንበብ እንደዚያ ከብዶኝ አያውቅም። ወደ ሌላው ስገልጥ መዳፏን ወረቀቱ ላይ ጣለች።

«ይብቃዎ። እንዳያነቡ። ይህን ብቻ ይንገሩኝ፤ ሁሉም የጤና ጣቢያው ነው?»

«ሁሉም የጤና ጣቢያው ነው።»

ተነስታ ወደ ኑዕማን ገባች። ኑዕማን ነገሩን ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። የቀረውን ክምር በሙሉ አውጥቶ ሰጣት፤ ለበርበሬ ሻጮች የሸጠውንም እየዞረ ሰብስቦ ጨመረላት። አንድ ከረጢት ሙሉ ሆነ።

እዚህ ላይ ተጣላን። እኔ «ጥቂቱን እንኳ ደብቀሽ አስቀሪ» አልሁ። «ለሰብሊ ብታሳዪያት የእሷ ብቻ እንዳልሆነ፣ ከእነሱ ቤት እንደወጣ ታምናለች። መሥሪያ ቤት ምኑ ይታመናል?»

«ሰብሊን ላድን ብዬ የሌላውን ሰው ገመና ላሳያት?» አለችኝ። «እነዚህ ሰዎች ዛሬ ተኝተው ያድራሉ፣ አያ መልካሙ። እኔ ላስነሳቸው? የሰው ገመና አቅፌ አላድርም፤ ለባለቤቱ ይመለስ።»

ባለቤት ያለችው ጤና ጣቢያውን ነው። ያን ዕለት ባለቤት የሚባል ነገር እዚያ ያለ መስሏት ነበር። እኔም ተሸነፍሁላት፤ ያ ከረጢት ባይመለስ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ሦስታችንም ሄድን። ኑዕማን ከረጢቱን ተሸክሞ፣ አቻምየለሽ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። የአቶ ላቀው ቢሮ ግድግዳ ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚል ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል። ከረጢቱን ሲያይ አልደነገጠም። ለምን እንዳልደነገጠ በኋላ ነው የገባኝ፤ መዝጋቢዋ ካርዶቹ እንደወጡ ደርሳበት ሳምንት ቀደም ብላ ነግራው ኖሯል። የወረዳ ግምገማ ስለደረሰበት «ዝም በይ፣ እኔ አስተካክለዋለሁ» ብሏታል። ይህን ያጫወተችኝ ሥራውን ለቃ ከከተማው ስትወጣ ነው።

ኑዕማን «ከእናንተው ዘበኛ ነው የገዛሁት» አለ፤ ምንም ሳያንገራግር።

አቶ ላቀው ከረጢቱን ተቀብሎ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። «እናመሰግናለን፤ እርስዎ ጥሩ ዜጋ ነዎት» አላት።

«ምስጋናው ይቅርብኝ» አለች። «አንድ ነገር ብቻ ያድርጉልኝ፣ ጌታዬ። ሰብሊ ቤት ይሂዱና ‹ከእኛ ነው የወጣው፣ ጥፋቱ የእኛ ነው› ይበሏት። ካርዷን ከመስኮት የማወጣላት እኔ ነኝ። ጥቅሉም ከእኔ ቅርጫት ወጣ። ሚስጥሯን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ እርስዎ ቢነግሯት ግን ታምናለች። አለዚያ ክኒኑን ትተወዋለች። እኔ አውቃታለሁ።»

«እናጣራለን።»

«ዛሬ ይሂዱ። ሲጣራ ሰው ይሞታል።»

«ሥራው አካሄድ አለው፣ እናቴ» አለ፤ ሰዓቱን አየና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰብሊ በሯን ዘጋች። አቻምየለሽ በበሩ ቀዳዳ ስትለምናት፣ ምላ ስትገዘት፣ ከውስጥ አንድ ቃል አይወጣም። ምግብ ደጃፏ ላይ አስቀምጣላት ትሄዳለች፤ ማታ ስትመለስ እንዳለ ታገኘዋለች። የመድኃኒቱ ቀጠሮ ደረሰና አለፈ። አቻምየለሽ ቆሎዋን ለእኔ ትታ ወደ ጤና ጣቢያው ሮጠች።

በዚህ ጊዜ አቶ ላቀው «እርስዎ» አላላትም። «ተጣርቷል» አላት። «ምንም የጠፋ ካርድ የለም። ሁሉም ወደ አዲሱ ማኅደር ተዛውሯል። የአንድ ግለሰብ ካርድ ብቻ ነው የወጣው፤ እሱንም ከመስኮት ስትወስጅ የኖርሽው አንቺ ነሽ።»

«ከረጢቱስ?»

«የምን ከረጢት?»

ቁም ሳጥኑ ክፍት ነበር፤ ባዶ ነው። ከጓሮ፣ መርፌና ፋሻ ከሚቃጠልበት ጉድጓድ፣ በዚያ ሰሞን ሙሉ ቀን ጭስ ሲወጣ ያየ አለ። እሷ ተመልሳ በረንዳው ላይ ስትቀመጥ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። አልተቆጣችም። የፈራሁት ያኔ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የሰው ኮት በካውያ ቢቃጠልብኝ ባለቤቱ ሳይመጣ እኔ ወደ እሱ እሄዳለሁ፤ ይሰድበኛል፣ እሰደባለሁ፣ ግን ለሠርጉ ሌላ ኮት የሚፈልግበት ጊዜ ይተርፈዋል። መሥሪያ ቤትም የሚሠራው በሰው ነው፤ ሰው ይስታል። ጠፋብን ቢሉ ማን ይሰቅላቸዋል? ካርዱ የወጣበትን ሰው አንድ በአንድ፣ በገመናው፣ በየቤቱ ሄደው «እንዲህ ሆኗል፣ ጥፋቱ የእኛ ነው፣ መድኃኒትህን ግን አታቋርጥ» ቢሉት ምን ነበረበት? ገና ያልተሰማበት ሰው ይጠነቀቅ ነበር፣ የተሰማበትም ቢሆን ማን ላይ እንደሚቆጣ ያውቅ ነበር። እነሱ ግን የጠፋውን ትተው መጥፋቱን ደበቁት። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል።

ወሬው አልበርድ ሲል በቀበሌው አዳራሽ የመልካም አስተዳደር ስብሰባ ተጠራ። አቶ ላቀው ተነስቶ «አንዳንድ ኪራይ ሰብሳቢዎች የመንግሥትን ሰነድ ለግል ጥቅም አውለዋል» አለ። ኪራይ ሰብሳቢ የተባለችው ጥግ ላይ መሬት ተቀምጣ ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። አላስችል አለኝና እጄን አወጣሁ።

«ውሸት ነው» አልሁ። «አንድ ከረጢት ሙሉ ካርድ በዓይኔ አይቻለሁ። የብዙ ሰው ነው። አንብቤዋለሁ።»

«ጥሩ» አለ አቶ ላቀው፣ በእርጋታ። «ያነበቡትን አንድ ስም ይጥሩልን።»

ከፊቴ የተቀመጠችው የጎረቤቴ ሚስት ልጇን ታጠባ ነበር፤ ስለ እሷ እንደሚወራ አታውቅም። ወደ አቻምየለሽ ዞርሁ። ራሷን ነቀነቀች፤ አይሆንም ማለቷ ነው። አንድ ስም ብጠራ ነጻ ትወጣ ነበር። ሰብሊም ያን ጊዜ ከአዳራሹ በር ተጠግታ፣ ተከናንባ ቆማ ኖሯል፤ በኋላ ነው ያወቅሁት። ልትሰማ የመጣችው ይህንኑ ነበር። እኔ ግን ስም መጥራት አቃተኝና ተቀመጥሁ። ሰዉ አጉረመረመ፤ ሰብሊም የምትሰማውን ሰምታ ሄደች።

ምስክር ሊሆነን የሚችል ኑዕማን ብቻ ነበር። እሱን ደግሞ ንግድ ፈቃድህ ችግር አለበት እያሉ አመላለሱት። አንድ ቀን ሱቁን ዘግቶ ወደ ዘመዶቹ ወደ ቡሬ ሄደ። ተከትዬው ሄጄ «ወረዳ ቀርበህ ተናገርልን» ስለው፣ እህቱ ራጂያ ባለችበት «አንድ ጊዜ ተናግሬአለሁ፣ አያ መልካሙ» አለኝ። «በፊቱ ተናገርሁ። ከዚያ ወዲህ የልጆቼን ጉሮሮ ነው የያዙት።» እሱ ከእኛ ሁሉ የተሻለ ነበር።

ሰብሊ ክፍሏን ለቃ ወደ ወንድሟ ወደ ይሄይስ፣ ወደ ቡሬ ገጠር ገባች። ክኒኑን ትታ ጠበል ጀመረች። ጠበልም ይጠመቃል ክኒንም ይዋጣል ያላት ሰው አልጠፋም፤ የነፍስ አባቷ እንኳ ብለዋታል አሉ። የጤና ጣቢያው ነርስ ሄዳ ለምናታለች። «ካርዴ በአቻምየለሽ እጅ ለቆሎ ወደወጣበት ቤት ተመልሼ አልገባም» አለቻት። አቻምየለሽ በክረምቱ ጭቃ እየተንደፋደፈች ስንት ጊዜ እንደተመላለሰች እኔም አላውቅ። ይሄይስ ከአጥሩ አያሳልፋትም። «እህቴን የሸጥሽ፣ ውሻ ሳልለቅብሽ ሂጂ» ይላታል። ውሻውን ግን ለቆባት አያውቅም፤ እሱም ክፉ ሰው አልነበረም።

የማሽላው እሸት ሲደርስ ከወደዚያ መልእክት መጣ። የላኩት የሰብሊ የነፍስ አባት፣ ቄስ ሃይለ ሚካኤል ናቸው። «ሰብሊ ከአቻምየለሽ ጋር መታረቅ ትፈልጋለች፤ ሳትውል ሳታድር ትምጣ» የሚል ነበር።

አቻምየለሽ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። «እውነቱን ሰምታለች፣ አያ መልካሙ» አለችኝ፣ ነጠላዋን እየገለበጠች። «ነግረዋት ነው። አለዚያ ለምን ትጠራኛለች? ክኒኑን እንድትጀምር እለምናታለሁ። ነርሷ ገና አልመሸም ብላለች።» እኔም አብሬ ሄድሁ። መንገድ ላይ ለወትሮው የማታወራውን ሁሉ አወራች፤ ሰብሊ ስትድን እሷም ክፍሏን ለቃ በአንድ ቤት እንደሚኖሩ፣ ሰብሊ ሹሩባውን ሌላ ከተማ እንደምትጀምር፣ ቡሬ ወይም ባሕር ዳር።

ይሄይስ አጥሩን ራሱ ከፈተልን። ሰብሊ መደብ ላይ ተኝታለች። ሰው ነው ለማለት አይቻልም ነበር፤ ዓይኗ ብቻ ቀርቷል። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ከራስጌዋ ቆመዋል። አቻምየለሽ ተንበረከከችና እጇን ያዘቻት። ሰብሊ ብዙ ጊዜ ተነፈሰችና ተናገረች።

«ይቅር ብዬሻለሁ፣ እታለም። ካርዴን ለምን እንዳወጣሽው አልጠይቅሽም። ቆርቤ ልሂድ፤ ቂም ይዤ አልሂድ።»

አቻምየለሽ ራሷን ቀና አደረገች። ፊቷን አየሁት፤ አልረሳውም። ለሰብሊ እውነቱን ማንም አልነገራትም ነበር። ሰብሊ የጠራቻት ይቅር ልትላት እንጂ አምናት አልነበረም።

«ሰብሊዬ፣ እኔ አላወጣሁትም። ከእነሱ ነው የወጣው፣ ከረጢት ሙሉ ነው የወጣው…»

ሰብሊ ዓይኗን ጨፈነች፤ እንባ በጆሮዋ በኩል ወረደ። «አሁንም?» አለች፣ በቀስታ። «ልሞት ነው እኮ።»

ይሄይስ ከበሩ ተነቃነቀ። ቄሱ መስቀሉን ወደ አቻምየለሽ ዝቅ አደረጉ። «ልጄ» አሏት፣ «የተጣላ ሳይታረቅ ሥጋ ወደሙ አይቀበልም። እሷ ይቅር ብላለች። አንቺም በይ።»

ብትክድ ወዳጇ ሳትቆርብ ልትሞት ነው። ብታምን ያልሠራችውን ልትቀበል ነው። እኔ አንድ ነገር ለመናገር አፌን ከፈትሁ፤ እሷ ግን ቀደመችኝ። ጎንበስ ብላ የሰብሊን ጉልበት ሳመች።

«በድዬሻለሁ፤ ይቅር ለእግዚአብሔር በይኝ» አለች።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለች ሰብሊ።

ከዚያ በኋላ ስለ ክኒኑ የሚነሳ ነገር አልነበረም። ቆረበች፤ በሳምንቱ ውስጥ ዐረፈች። አቻምየለሽን በለቅሶው አልከለከሏትም፤ ታርቃለችና። ሰዉ በጣቱ እየጠቆመባት ወዳጇን ቀበረች።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አርባው ሳይወጣ ጤና ጣቢያው ለወረዳው ጻፈ፤ «ግለሰቧ ጥፋቷን በሟች፣ በወንድሟና በነፍስ አባቷ ፊት አምና ይቅርታ ስለጠየቀች፣ በዕርቅ ተዘግቷል» ይላል። ይሄይስ ለምስክርነት ፈርሞበታል፤ የሰማውን ነው የፈረመው። ሰብሊ ስትሞት ለሰማይ ያደረጉትን ዕርቅ አቶ ላቀው ለግምገማው አዋለው።

ያን ዕለት አበድሁ። ወረቀቱን ከሰው እጅ አንብቤ በረንዳው ላይ እየጮኽሁ፣ «አሁኑኑ ፍኖተ ሰላም እንሄዳለን፤ ዞን እንከሳለን፤ ቄሱን አስጠርተን እውነቱን ትናገሪያለሽ» አልኋት።

አቻምየለሽ ቆሎዋን እያበጠረች አላየችኝም።

«ምን ብዬ ልናገር?» አለች። «በዚያን ቀን ያልሁት ውሸት ነው ብዬ? ታዲያ ሰብሊ በውሸት ዕርቅ ቆረበች ልበል? አፈር ውስጥ ሆና እንደገና ላጣላት?»

አንድ ሰው ቆሎ ሊገዛ ቆሞ ነበር። «ጨምሪበት» አላት። ሳትቆጣ ጨመረችለት።